የት ጋ ደረስክ?

ነገሩ የሆነው አምና፣ አንደኛ ዓመት ሆነን ገና ከክፍል ክፍል ስንደናበር ነው። የአንዱ ኮርስ መምህራችን በመጀመሪያው ቀን ኮርስ አውትላይን ከማደል ይልቅ የጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀመጡና "እስቲ እንተዋወቅ፤ ስማችሁንና አሁን የምታነቡትን መጽሐፍ ንገሩኝ" አሉን። ከፊት ወንበር ተጀመረ። የመጀመሪያዋ ልጅ "ፍቅር እስከ መቃብር" አለች። ሁለተኛውም "ፍቅር እስከ መቃብር"። ሦስተኛው ትንሽ አሰብ አደረገና "እኔም እሱኑ" ሲል ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ተራው እኔ ዘንድ እስኪደርስ ቢያንስ ስምንት ልጆች ይህንኑ መጽሐፍ እያነበቡ ነበር (እንዲህ ያለ ንባብ ወዳድ ክፍል ከየት ይገኛል!)። እኔም ስሜን ተናገርኩና በሙሉ ልብ "ፍቅር እስከ መቃብር" አልኩ።

መምህራችን አልሳቁም። "የት ጋ ደረስክ?" አሉኝ።

"እ... መጨረሻው አካባቢ።"

"ከሰዎቹ ማንን ወደድክ?"

"ጉዱ ካሳን።"

"ለምን?"

ጭጭ። እውነቱን ለመናገር መጽሐፉን ገልጬው አላውቅም ነበር። እኔ የማውቀው በጆሮዬ ነው። እናቴ የወጋየሁ ንጋቱን ትረካ በስልኳ ሚሞሪ ላይ አስጭና ሽንኩርት ስትከትፍም ልብስ ስታጥብም ትከፍተዋለች፤ እኔም ከጓዳ የሚመጣውን ድምፅ እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ጉዱ ካሳን እወደዋለሁ ያልኩት ሁሉም ሰው እወደዋለሁ ስለሚል ነበር። መምህራችን ዝምታዬን አዩና "ሰማሁት ብትል ምን ነበረበት? መስማትም እኮ ነውር አይደለም" ብለው ወደሚቀጥለው ልጅ አለፉ። ሌላ ምንም አላሉኝም። እኔ ግን ያን ቀን ምሳዬን በደንብ አልበላሁም።

ይህችን ጽሑፍ የምጽፈው ያን ቀን ስለተጋለጥኩ አይደለም። ከዚያ ወዲህ ነገሩን ባሰብኩት ቁጥር እኔ ብቻ አለመዋሸቴ ስለገባኝ ነው። እስቲ ውድ አንባቢያን፣ እናንተም ልባችሁ ላይ እጃችሁን አድርጉና መልሱልኝ፤ ለመጨረሻ ጊዜ "ምን እያነበብሽ ነው?" ወይም "ምን እያነበብክ ነው?" ተብላችሁ ስትጠየቁ የመለሳችሁት እውነቱን ነበር?

እኔ እንደሚመስለኝ እኛ ዘንድ ይህ ጥያቄ የወሬ ጥያቄ መሆኑ ቀርቶ የፈተና ጥያቄ ሆኗል። "ምን በላህ?" ሲሉን "ሽሮ" ለማለት አናፍርም። "ምን እያነበብክ ነው?" ሲሉን ግን ትልቅ ስም ፍለጋ እንገባለን። አጠገባችን ያለውን መጽሐፍ ትተን ማንም ሊነቅፈው የማይችለውን እንጠራለን። ፍቅር እስከ መቃብር በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ጀምሮ ስንት ሰው በእውነት አልቅሶበታል፤ እንደኛ ያለው ደግሞ እንደ ጋሻ ይመክትበታል። ሐዲስ ዓለማየሁ ያን ሁሉ ገጽ የጻፉት እኛ እንድንሸሸግበት አይመስለኝም።

ሌላው በሽታችን ንቀት ነው። ይህንንም ከራሴ ልጀምር። የዶርም ጓደኛዬ የኢንጂነሪንግ ተማሪ ነው። አንድ ቀን አልጋው ላይ ተጋድሞ "ዴርቶጋዳ"ን ሲያነብ አገኘሁት። የይስማዕከ ወርቁን መጽሐፍ ማለቴ ነው። "ይሄን ገና አሁን? እኛ እኮ ሃይስኩል ጨርሰነዋል" አልኩት በጋዜጠኝነት ተማሪ ኩራት (አሁንም ውሸት! ሃይስኩል የጨረሰችው እህቴ ናት)። ልጁ ዝም ብሎ ማንበቡን ቀጠለ። ማታ መብራት ሲጠፋ ግን ያነበበውን ለሌሎቹ መተረክ ጀመረ። የጣና ገዳማት፣ ሳይንቲስቶች፣ ምስጢር፣ ማሳደድ... እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ የተኛሁ መስዬ እሰማለሁ። በሦስተኛው ቀን ክላስ ሲገባ ጠብቄ መጽሐፉን ከትራሱ ሥር አወጣሁት። ሌሊት ብርድ ልብስ ውስጥ በስልክ መብራት ሳነብ የያዘኝም እሱ ነው። ተሳድቦ ይገላግለኛል ብዬ ስጠብቅ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "የት ጋ ደረስክ?"

ያቺ መጽሐፍ ከስድስታችን አምስታችን እጅ ገብታለች። ሽፋኗ ተገንጥሎ በፕላስተር ተጠግኗል። አንዱ ወደዳት፣ አንዱ "መጨረሻው አላሳመነኝም" ብሎ ሙሉ ምሳ ሰዓት ተከራከረ። ያ ክርክር፣ እናንተ ፊት ስለሆነ በድፍረት ልናገረው፣ ከብዙ ግሩፕ አሳይመንቶቻችን የተሻለ ነበር። ምክንያቱም ሁሉም አንብቦ ነው የመጣው! ልጁ "አንብቡ" ብሎ አልሰበከንም። የሚያነበውን ሳያፍር አነበበ፣ የወደደውን ነገረን፣ አለቀ።

ለመጽሐፍ መነጋገር ትልቅ ነገር መሆኑን ለማወቅ የነቢይ መኮንንን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። ገጣሚና ጋዜጠኛ፣ የአዲስ አድማስ ጋዜጣ ዋና አዘጋጅ የነበረውና በ2016 ዓ.ም. ያጣነው ነቢይ፣ በደርግ ዘመን እስር ቤት ሳለ አንድ እንግሊዝኛ ልብ ወለድ እስረኞች እጅ ገባ። የማርጋሬት ሚቸል መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ አንድ፣ አንባቢው ብዙ፣ እንግሊዝኛ የሚችለው ጥቂት። ነቢይ ታዲያ መጽሐፉን ወደ አማርኛ መመለስ ጀመረ። ወረቀት ስለሌለ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ነው የጻፈው፤ ትርጉሙም ከእስር በሚፈቱ ሰዎች በኩል ተደብቆ ወጣ። በኋላ "ነገም ሌላ ቀን ነው" ተብሎ ታተመ። እስቲ አስቡት፤ ነገ መኖሩ እርግጠኛ ያልሆነ ሰው የጓደኞቹ "ቀጥሎስ ምን ሆነ?" ማለት ነው ብዕር ያስጨበጠው። እኛ ደግሞ ላይብረሪ ከዶርማችን አምስት ደቂቃ ርቀት ላይ ሆኖ "ጊዜ የለኝም" እንላለን።

ጊዜውስ እሺ፣ ብሩስ? የምትሉኝ አትጠፉም። እውነት ነው፣ መጽሐፍ ተወዷል። ቅዳሜ ቅዳሜ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ አሮጌ መጻሕፍት ወደሚሸጡት ልጆች ሄጄ ዋጋ ጠይቄ፣ አገላብጬ፣ ጀርባውን አንብቤ የምመለስበት ቀን ከምገዛበት ይበልጣል። አዟሪዎቹም ለምደውኛል፤ "ዛሬም ልታነብ ነው ልትገዛ?" ይሉኛል። ግን እኮ መዋዋስ የሚባል ነገር ነበረ! "መጽሐፍ የሚያውስ ሞኝ፣ የሚመልስ ደግሞ የባሰ ሞኝ" የምትለዋ አባባል ስንቱን መጽሐፍ ሻንጣ ውስጥ እንዳስቀረች እግዜር ይወቀው። እኔም ሁለት መጽሐፍ ተበልቻለሁ፤ አንዱን ማን እንደወሰደው አውቃለሁ፣ ይህን ቡሌቲን እንደሚያነብም አውቃለሁ። ቢሆንም ቀሪዎቹን መቆለፍ አልፈልግም። የተቆለፈ መጽሐፍ ከጠፋው በምን ይሻላል?

እዚህ ላይ አንዳንዶች "አሁን እኮ ሁሉም ቴሌግራም ላይ አለ፣ ምን ያዋውሰናል?" ይላሉ። በዚህ ከጓደኞቼ ጋር አልስማማም። አንድ መጽሐፍ ገዝቼ ለአምስት ሰው ባውስ መጽሐፉ አንድ ነው፤ የሚሸጥበትን ገበያ አይዘጋም፣ እንዲያውም የወደደው ሰው የራሱን ይገዛል። አንድ ሰው ገጽ በገጽ ፎቶ አንስቶ ለብዙ ሺህ ሰው ሲለቀው ግን ደራሲውን ኪሱ ገብቶ መዝረፍ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከወጣ ቆይቷል፤ እኛ ደግሞ ነገ በጽሑፋችን እንጀራ ልንበላ የምንማር ሰዎች ነን። የዛሬውን ደራሲ እየዘረፍን ነገ "ጽሑፌ ተሰረቀብኝ" ብንል ማን ይሰማናል? የሚሸጥበት ቦታ ጠፍቶ፣ ታትሞ ያለቀ መጽሐፍ የሚቸግር ነገር መሆኑን አልክድም። ለዚያ ግን መጀመሪያ ላይብረሪውን እንጠይቅ፤ ስንቶቻችን ነን ጠይቀን ያጣነው?

ይህ ጉዳይ ከሌላው ዲፓርትመንት ይልቅ እኛን የሚያንገበግበን ለምንድነው? ምክንያቱም የጋዜጠኛ መሣሪያው ቃል ነው። ማንበብ ያቆመ ጋዜጠኛ ምን እንደሚመስል ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ "ተገለጸ"፣ "ተጠቆመ"፣ "አያይዘውም ተናገሩ" በሚሉ ሦስት ቃላት ዓመት ሙሉ ዜና ይሠራል። ከእኛ በፊት የነበሩት እንዲህ አልነበሩም። ብርሃኑ ዘሪሁን የጋዜጣ ዋና አዘጋጅም ልብ ወለድ ጸሐፊም ነበር። "አንድ ጥያቄ አለኝ" በሚለው የአዲስ ዘመን ዓምዱ የአገር ጥያቄ የመለሰው ጳውሎስ ኞኞ በመደበኛ ትምህርት ከአራተኛ ክፍል እንዳልዘለለ ይታወቃል። ያን ሁሉ መልስ ከየት አመጣው? ግሬድ አልሰጠውም፤ ንባብ እንጂ።

እሺ፣ ሌላውን ስናገር ቆይቼ የራሴን ባልናገር ነውር ነው። አሁን በዚህ ሳምንት የማነበው የበዓሉ ግርማን "ኦሮማይ" ነው። የተዋስኩት ከአንዲት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ሲሆን፣ የመመለሻው ቀን የፊታችን ዓርብ ነው። ገጽ 140 ላይ ነኝ። ታሪኩን ስለምታውቁት አልተርክላችሁም፤ በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ እንደተሰበሰበ፣ ደራሲው ከሥራው እንደተባረረና በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ እንዳልተመለሰ ሁላችንም ሰምተናል። እኔም እስካሁን የማውቀው ይህንኑ የደራሲውን መጨረሻ ነበር እንጂ የመጽሐፉን መጀመሪያ አልነበረም። ዋናው ሰው ጸጋዬ ኃይለማርያም የኛው የሙያ ሰው መሆኑ እንኳ የገባኝ ሳነበው ነው። ዘመቻ እንዲዘግብ አስመራ የተላከ ጋዜጠኛ ነው፤ ዓይኑ አንድ ነገር ያያል፣ ሥራው ሌላ እንዲያወራ ይጠይቀዋል። "ገለልተኝነት" የሚለውን ቃል ለፈተና ቸክዬ ኤ አግኝቼበታለሁ። ትክክለኛ ክብደቱን ግን አሁን በዚህ መጽሐፍ ትከሻዬ ላይ ተሸክሜው እየሄድኩ ነው። ደክሞኛልም፤ የስብሰባዎቹ ገጾች ይረዝሙብኛል፣ ሁለቱን ዘልያለሁ። ይኸው ተናዘዝኩ።

አሁን ወደ ሐሳቤ ልምጣ። ከዲፓርትመንታችን ቢሮ ፊት ለፊት ያለው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ከግሬድና "ፍላሽ የጠፋበት" ከሚል ማስታወቂያ በቀር የሚለጠፍበት ነገር የለም። ግማሹን ለዚህ ብንሰጠውስ? እያንዳንዳችን በትንሽ ወረቀት ሦስት ነገር ብቻ እንጻፍ፤ የመጽሐፉን ስም፣ የደረስንበትን ገጽና ስለ መጽሐፉ አንድ ዓረፍተ ነገር። "ሰለቸኝ" የሚለውም ዓረፍተ ነገር ነው። በትረካ የሚሰማ "እየሰማሁ ነው" ይበል። ሕጉ ሁለት ብቻ ይሁን፤ አንደኛ፣ ያላነበቡትን አለመጻፍ፤ ሁለተኛ፣ ሌላው በጻፈው ላይ "ይሄ ደግሞ መጽሐፍ ነው?" አለማለት። የሚዋዋስ ካለ ደግሞ በአንድ ደብተር ስሙንና ቀኑን ይመዝግብ፤ የእኔን ሁለት መጽሐፎች ዕጣ የሚደርስበት ሰው እንዳይኖር።

መምህራኖቻችንንም በትሕትና እጠይቃለሁ። እናንተ ስታነቡ አይተን አናውቅም ማለቴ አይደለም፤ የምናያችሁ ግን የኛን ፈተና ስታርሙ ነው። እናንተም ወረቀታችሁን ብትለጥፉ፣ ስማችሁንና ገጻችሁን ብናይ፣ በኮሪደር ስንገናኝ ከ"ደህና ዋሉ" በተጨማሪ የምንላችሁ ነገር ይኖረናል። መምህሩ ገጽ 30 ላይ መቆሙን ያወቀ ተማሪ እሱም ገጽ 12 ላይ መቆሙን ለመናገር አያፍርም።

በነገራችን ላይ ፍቅር እስከ መቃብርን ባለፈው ክረምት ቤት ሆኜ አነበብኩት። እናቴ ጀርባዬ ላይ ቆማ "የት ጋ ደረስክ?" እያለች ስትጠይቀኝ ከረመች፤ አንዳንዱን ቦታ ገና ሳልደርስበት በቃሏ ትቀድመኛለች። ጉዱ ካሳን አሁንም እወደዋለሁ። ያን ቀን የጠየቁኝ መምህር በሚቀጥለው ሴሚስተር ያስተምሩናል አሉ። "ለምን?" ካሉኝ መልስ አለኝ።

እስከዚያው ግን እናንተስ የት ጋ ደረሳችሁ? ቸር ይግጠመን።