የእናቴን ዕቁብ በጌም ኮምፒውተር ልጨርሰው?

ጥያቄ፦ የ21 ዓመት ወጣትና የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ጌም ነፍሴ ነው። ልጅ እያለሁ ፕሌይስቴሽን ቤት ተቀምጬ የምሳ ብሬን እጨርስ ነበር። በቅርቡ እናቴ ዕቁብ ደርሷት ለኮምፒውተር 120 ሺህ ብር ሰጠችኝ። እኔም ዕቃውን አንድ በአንድ ገዝቼ ላስገጥም ቆርጫለሁ። ታዲያ አንድ ባለሱቅ «ኮር አይ9 ካልሆነ ጌም አይታሰብም» ብሎ ያወጣልኝ ዝርዝር ብሩን ከሞላ ጎደል በፕሮሰሰርና መብራት በሚያበራ ኬዝ ጨረሰው። ለግራፊክስ ካርድ የተረፈው ሽርፍራፊ ነው። ሌላው ጭንቀቴ፣ እናቴን «ለትምህርት ነው» ብያታለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?
ጌመኛው ነኝ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ወንድማችን፣ እንኳን ሳትከፍል ጻፍክልን! ባለሱቁ የነገረህ እሱን የሚያዋጣውን ነው። ጌም ላይ ትልቁን ሸክም የሚሸከመው ግራፊክስ ካርዱ ነው። ከበጀትህ ሲሶውን፣ ከቻልክም ከዚያ በላይ ለሱ መድብ። ጥሩ ካርድ የሌለው አይ9 መሬት እንደሌለው ጥሩ በሬ ነው።

ከፕሮሰሰር እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጡት ራይዘን 5 5600 እና ኮር አይ5 12400ኤፍ ባለ 6 ኮር ናቸው። በፉል ኤችዲ ለሚጫወት ሰው ዛሬም አያሳፍሩም። ግን ልብ በል፤ ሁለቱም የራሳቸው ግራፊክስ የላቸውም። ካርድ ሳትሰካ ብታበራቸው ስክሪኑ ጨለማ ነው።

ካርዱስ? ባለ 8 ጊጋው አርኤክስ 6600 ወይም ባለ 12 ጊጋው አርቲኤክስ 3060 ላንተ ይበቃሃል። ስክሪንህ በሰከንድ 60 ምስል ብቻ የሚያሳይ ከሆነ፣ 200 ለሚያወጣ ካርድ ብር ማፍሰስ ምን ይሉታል?

ያገለገለ ካርድ ስትገዛ ደግሞ ዓይንህን ክፈት። ኢቴሪየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ በግራፊክስ ካርድ መመረቱ እ.ኤ.አ. በ2022 ሲያበቃ፣ ሌት ተቀን ሲሠሩ የኖሩ ካርዶች ለገበያ ወጥተዋል። ሁሉም መጥፎ ናቸው ማለት አይደለም። ግን ከባድ ጌም ላይ ግማሽ ሰዓት ሳይጠፋና ሳይንተከተክ መቆየቱን በዓይንህ ሳታይ አትክፈል። አሮጌውን ካርድ የአዲስ ስም ሰጥተው የሚሸጡም አሉ። «ጂፒዩ-ዚ» የምትባል ነጻ ፕሮግራም ብዙዎቹን ታጋልጣለች፤ በፍላሽ ይዘሃት ሂድ።

ራም 16 ጊጋ ይበቃሃል። አንድ ባለ 16 ከምትገዛ ሁለት ባለ 8 ግዛ፤ ሁለቱ አብረው ሲሠሩ ይፈጥናሉ። ማዘርቦርዱ የዲዲአር4 ከሆነ ዲዲአር5 ራም እንደማይገባበትም አትርሳ።

ቁጠባ የማይፈቀድበት ዕቃ ፓወር ሰፕላይ ነው። ስም የለሹ ርካሽ ዕቃ ሲቃጠል ካርዱንም ማዘርቦርዱንም ይዞ ሊሄድ ይችላል። ላልነው ካርድ ስም ያለው 550 ዋት በቂ ነው። መብራት ሄድ መጣ በሚልበት ሰፈር ከሆንክ ስታብላይዘር ጨምርበት። ብሩን ከየት ላምጣ ካልክ፣ ከኬዙ ጌጥ ቀንስ!

አሁን ወደ እናትህ። ኮምፒውተሩ ለትምህርትም ይሆናል፤ ስለዚህ ያልካት ነገር ግማሽ እውነት ነው። ግማሹን ግን ደብቀሃታል። ያን ዕቁብ ስንት ወር ከአስቤዛ ላይ ቆንጥራ እንደጣለች አንተ ታውቃለህ። ዛሬ ማታ ቡና ሲፈላ ቁጭ በልና «እማዬ፣ ጌምም እጫወትበታለሁ» በላት። ትቆጣ ይሆናል። «ግማሹን መልስልኝ» ካለችህም አትደንግጥ። የራሱ ግራፊክስ ያለውን ራይዘን 5 5600ጂ ገዝተህ ጀምር። ትምህርትህን በደንብ ያሠራሃል፣ ቀለል ያሉ ጌሞችንም ያጫውትሃል። ካርዱን በራስህ ላብ ስታገኝ ትሰካዋለህ። ያኔ ጌሙን የምትጫወተው በር ዘግተህ አይሆንም።