የልጆቻችንን ዕድሜና ቁመት እንመዝግብ

አንዲት ልጅ ከእኩዮቿ አጥራ ስትታይ «ገና ጩጬ ናት፣ ታች ክፍል ትግባ» ማለት የተለመደ ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። ክፍል የሚወስነው ዕድሜና ዕውቀት ነው፤ ቁመት የሚያስፈልገን ለሌላ ጉዳይ ነው።

እዚህ ቱነይድባ የብዙ ልጆችን እድገት የሚያዘገየው የምግብ እጥረትና የሚመላለስ በሽታ ነው። ይህ አያከራክርም። ሆኖም ያጠረ ሁሉ የራበው አይደለም። ተርነር ሲንድረም የሚባል፣ ከ2,000 እስከ 2,500 ሴት ልጆች መካከል በአንዷ ላይ የሚታይ አፈጣጠር አለ። ሴት ልጅ ሁለት ኤክስ ክሮሞዞም ሊኖራት ሲገባ አንዱ ይጎድላል ወይም ሙሉ አይሆንም። እርግማን አይደለም፣ የእናትም ጥፋት አይደለም። የማሰብ ችሎታዋ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ማንኛዋም ልጅ ነው፤ ሒሳብ ሊከብዳት ይችላል (የማይከብደው ማን አለ?)። ካልታከመች ግን ስታድግ ከሌሎች ሴቶች በአማካይ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ታጥራለች። ልቧና ኩላሊቷም መመርመር አለባቸው።

ለቁመቷ የሚሰጠው የእድገት ሆርሞን ነው። ቀድሞ ከሞቱ ሰዎች ዕጢ ይወጣ ነበር፤ ገዳይ የአንጎል በሽታ ማስተላለፉ በ1985 እ.ኤ.አ. ሲታወቅ በላቦራቶሪ የሚሠራው ተተካ። የሚጠቅመው አጥንት ማደጉን ሳያቆም ከተጀመረ ነው። በየቀኑ፣ ለዓመታት ይወጋል፤ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ማቀዝቀዣ ውስጥም ይቀመጣል። በእኛ ድንኳንና ራኩባ፣ በገዳሪፍ ሙቀት ይህ እንዴት ይሆናል? ወላጆችን በባዶ ተስፋ ማታለል አልፈልግም።

ታዲያ ለምን አነሳሁት? ነገ አንዱ ወደ አገሩ ይመለሳል፣ ሌላው ወደ ሦስተኛ አገር ይሄዳል። ሄዶ የሚያገኘው ሐኪም፣ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳም ይሁን ባሕር ማዶ፣ «ስንት ዓመቷ ነው? አምና ቁመቷ ስንት ነበር?» ብሎ ይጠይቃል። በሽሽት የልደት ወረቀት የጠፋበት ቤተሰብ ብዙ ነው። ስለዚህ ወላጆች፣ ትክክለኛውን ዓመት ንገሩን፤ ዕድሜ መቀነሱ ይቅር። እኛም ልጆቹን ጫማ አስወልቀን በዓመት ሁለቴ እንለካ። ከ4 ዓመት እስከ ጉርምስና ጤነኛ ልጅ በዓመት ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ያድጋል፤ ከ4 በታች የጨመረውን፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ ወደ ክሊኒክ እንላክ። ተማሪዎችም «ድንክዬ» የሚለውን ስም ተዉት።

ሜትርና አንድ ደብተር ይበቃል። የመጀመሪያው ልኬት በሚቀጥለው ዓመት የምዝገባ ዕለት ይሁን።