የሠዓሊው ምስጋና



በጌታችን በመድኃኒታችን በኢየሱስ ክርስቶስ የልደት በዓል ዕለት በቤተ ክርስቲያንም ሆነ በየቤታችን ዓይናችን ከሚያርፍባቸው ቅዱሳት ሥዕላት አንዱ ምስለ ፍቁር ወልዳ ነው። እናት ልጇን ታቅፋለች፤ ሚካኤልና ገብርኤል በግራና በቀኝ ቆመዋል። ሥዕሉን ስንሳለም የሠዓሊውን ድካም የምናስታውስ ግን ስንቶቻችን ነን?

በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመነ መንግሥት (1426-1460 ዓ.ም.) የነበረው ፍሬ ጽዮን፣ በጣና ሐይቅ በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም በሚገኘው የእመቤታችን ሥዕል ላይ ስሙ ተጽፎ ይገኛል። አብዛኞቹ የጥንት ሠዓልያን ግን ስማቸውን አልተዉልንም። እንጨት ጠርበው፣ ቀለም በጥብጠው የደከሙት የሰው ውዳሴ ሽተው አልነበረም፤ ሥዕሉ ራሱ ለፈጣሪ የቀረበ ምስጋና ነበርና። ሙያውም ከአባት ወደ ልጅ፣ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር ሲተላለፍ የኖረ አደራ ነው።

ይህ አደራ ዛሬ በእጃችን ነው። ሥዕሉ አርጅቷል ተብሎ አዲስ ቀለም ሲደረብበት፣ ወይም ተሰርቆ ሲሸጥ፣ የሚጠፋው ቀለም ብቻ አይደለም፤ ሠዓሊው በዝምታ ያቀረበው ጸሎትም ከዓይናችን ይሰወራል። ስለዚህ የአድባራት አስተዳዳሪዎችና ሰበካ ጉባኤያት ጥንታዊ ሥዕል ከማሳደሳቸው አስቀድሞ ባለሙያ ሊያማክሩ ይገባል። ወላጆችም በዚህ በዓል ልጆቻቸውን በሥዕሉ ፊት አቁመው ምሥጢሩን ይንገሯቸው። ያልተነገረው ልጅ ነገ ስለ ምን ብሎ ይጠብቀዋል?

ምስጋና በአንደበት ብቻ አይፈጸምም፤ የተቀበሉትን ጠብቆ ለተተኪው በማስረከብ ጭምር እንጂ።