ለፈንገስ አንድ ምስክር አይበቃም

ፈንገስን በመለየት ሥራ አንድ አቋራጭ እየተለመደ መጥቷል። ናሙናው ይፈጫል፣ ዲኤንኤው ይወጣል፣ አይቲኤስ የሚባለው አጭር የዘረመል ክፍል ይነበብና ከዓለም አቀፍ የመረጃ ቋት ጋር ይመሳከራል። ኮምፒውተሩ ከላይ ያስቀመጠው ስም እንዳለ ወደ ሪፖርቱ ይገባል። ማይክሮስኮፑ ጥግ ላይ አቧራ ለብሷል።

የዚህ መንገድ ጠበቆች «ዓይን ያሳስታል» ይላሉ። ማስረጃም አያጡም። የቡናን ዛፍ በቁሙ የሚያደርቀው በሽታ እ.ኤ.አ. በ1957 በኢትዮጵያ ሲመዘገብ መንስኤው ፉዛሪየም ኦክሲስፖረም ነው ተብሎ ነበር። በ1973 ግን ሌላ ፈንገስ፣ ዛሬ ፉዛሪየም ዛይላሪዮይደስ የሚባለው፣ መሆኑ ታወቀ።

ይህ ታሪክ ግን ለጠበቆቹ አይመሰክርም። ስህተቱ ሲታረም የዲኤንኤ ንባብ ገና ለእንዲህ ያለው ሥራ አልደረሰም ነበር። ፈንገሱ ራሱ ምልክቱን አይደብቅም፤ የደረቀው ዛፍ ልጥ ሲላጥ እንጨቱ ላይ ሰማያዊ ጥቁር መስመር ይታያል፣ ግንዱ ሥር ባለው ልጥ ውስጥም ደቃቅ ጠቆር ያሉ የስፖር ከረጢቶች ይበቅላሉ። አስተውሎ ለሚያይ ይህ ቀላል መረጃ አይደለም።

አይቲኤስ እ.ኤ.አ. በ2012 የፈንገሶች መለያ ሆኖ ሲመረጥ ለሁሉም ወገን እኩል እንደማይሠራ ይታወቅ ነበር። ተቀራራቢ የፉዛሪየም ዝርያዎችን ለመለየት ቴፍ 1 የሚባለውን ሌላ ዘረመል ማንበብ ግድ ይላል። የመረጃ ቋቱም ቢሆን ንጹሕ አይደለም፦ በ2006 የታተመ ጥናት ከፈንገስ የዲኤንኤ ቅደም ተከተሎች እስከ 20 በመቶው የተሳሳተ የዝርያ ስም ሊይዝ እንደሚችል አሳይቷል። በዚያ ቋት ላይ ስሙን የጻፈው ሰው ነው፤ የእርሱ ስህተት በማሽን በኩል አልፎ ሲመጣ እውነት ይመስላል።

ዓይንን ብቻ ማመንም አያዋጣም። የድንች ዋግ መንስኤ በክር መሰል አካሉ ምክንያት ለዘመናት ከፈንገስ ተቆጥሯል፤ የሕዋስ ግድግዳው ሴሉሎስና ዘረመሉ ግን ወደ ቡናማ የባሕር አልጌዎች አቅርበውታል።

እ.ኤ.አ. በ2018 ፖርቶ ሪኮ ላይ የተሰበሰቡ የፈንገስ ተመራማሪዎች፣ አካላዊ ናሙና ሳይኖር ቅደም ተከተል ብቻ ለአዲስ ዝርያ ስም መሠረት ይሁን የሚለውን ሐሳብ ውድቅ አድርገዋል። ውሳኔው ለዕለት ተዕለት ምርመራም መትረፍ አለበት። የደረቀው ናሙና በቁጥር ተመዝግቦ ይቀመጥ፣ በቤተ ሙከራ የሚያድገው ሕያው ፈንገስም ይጠበቅ፣ ቢያንስ ሁለት ዘረመል ይነበብ፣ የስፖሩ ቅርጽና ልኬትም ሪፖርቱ ላይ ይስፈር። ይህን ያላሟላ ጽሑፍ የሚደርሳቸው የመጽሔት አዘጋጆች ሳያመነቱ ለላኪው ይመልሱት።