ከሳሽ ወይስ ጠባቂ?

ባለፈው እሑድ ቡናው ሁለተኛው ላይ ሳይደርስ ቤታችን ውስጥ ክርክር ተነሣ። ትልቋ ልጄ በሕግ ከተመረቀች ወዲህ ሁለት ቦታ ተፈትና ሁለቱንም አልፋለች። አንዱ ባንክ ነው፣ አንዱ ዐቃቤ ሕግነት። መልስ የምትሰጥበት ቀን የቀረው አንድ ሳምንት ብቻ ነበር።

ባለቤቴ ያለማመንታት ባንኩን መረጠች። «ደሞዙ ይሻላል፣ የቤት ብድር አለው፣ ከሰው ጋርም አያጣላሽም» አለቻት። አፌን ዘጋሁ እንጂ እኔም በልቤ ከእሷ ጋር ነበርኩ። አጠና ተራ ወርዶ ዕቃ ሲገዛ ከከሰሰው ሰው ወንድም ጋር የሚጋፋ ልጅ ያለው አባት ምን ዓይነት እንቅልፍ ይተኛል?

ልጄ ግን ተዘጋጅታ ነበር። «አባዬ፣ ከንቲባችን እኮ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ነበሩ» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ወይዘሮ አዳነች አቤቤ ከገቢዎች ሚኒስትርነት ተነሥተው በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሲሆኑ በቦታው የመጀመሪያዋ ሴት ነበሩ። አምስት ወር ገደማ ቆይተው በነሐሴ ወር የአዲስ አበባ ምክትል ከንቲባ ሆኑ፤ በ2014 መስከረም ደግሞ ከንቲባ። የተኳቸው ዶክተር ጌዴዎን ጢሞቴዎስ ደግሞ በኋላ የፍትሕ ሚኒስትር፣ ከጥቅምት 2017 ጀምሮ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነዋል። ተቋሙ ራሱም ብዙ ተለዋውጧል። በአዋጅ ቁጥር 943/2008 ሲቋቋም በፍትሕ ሚኒስቴር፣ በፀረ ሙስና ኮሚሽንና በገቢዎች ተበታትኖ የነበረውን የመክሰስ ሥልጣን ሰበሰበ። በ2014 መጀመሪያ ስሙ ተመልሶ ፍትሕ ሚኒስቴር ሆነ። በእነዚያ አምስት ዓመታት አራት ጠቅላይ ዐቃብያነ ሕግ አይተናል።

አሜሪካ ውስጥ መንገዱ ከዚህም የተጠረገ ነው። ከ50ዎቹ ግዛቶች በ43ቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉን የሚመርጠው ራሱ ሕዝቡ ነው። ቢል ክሊንተን እ.ኤ.አ. በ1976 የአርካንሳስ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሆነው ተመረጡ፤ በ1978 ለአገረ ገዥነት፣ በ1992 ለፕሬዚዳንትነት በቁ። ካማላ ሃሪስም የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ፣ ቀጥሎ ሴናተር፣ ቀጥሎ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኑ። ብዙዎች ቦታውን እንደ መሰላል የሚያዩት ለዚህ ነው።

እኔን ያሳሰበኝም መሰላሉ ነው። መውጣት የፈለገ ሰው መታየት አለበት፤ ከሳሽ ደግሞ የሚታየው ሲከስ ነው። በምርጫ የመጣው መራጩን ያያል፤ በሹመት የመጣው ሿሚውን። ማስረጃ ጎድሎት የተዘጋ መዝገብ ዜና አይሆንም። «ልጄ፣ መሰላሉን እያየሽ ከሆነ አትግቢ» አልኳት።

እስከዚያች ደቂቃ ፈንዲሻ እየለቀመች ዝም ያለችው እናቴ ነበረች። ሰማንያን አልፋለች። «አሁን ይቺ ልጅ ከሳሽ ልትሆን ነው?» ብላ ጠየቀች። በእሷ ዘመን ከሳሽና ተከሳሽ በነጠላቸው ተቋጥረው ዳኛ ፊት ሲሄዱ አይታለች። ከሳሽ ማለት ለእሷ ከተከሳሹ ጋር የታሰረ ባለጋራ ነው።

ልጄ ቃሉን ፈታችላት። «እማማ፣ ዐቃቤ በግእዝ ጠባቂ ማለት ነው። ድሮ ቤተ መንግሥት ዐቃቤ ሰዓት የሚባል ሹመት እንደነበረው ማለት ነው። እኔ ሕጉን ነው የምጠብቀው።»

እናቴ ጥቂት አሰበችና ወደ እኔ ዞረች። «የወንድምህን ነገር ረሳኸው?» አለችኝ።

አልረሳሁም፤ አናነሣውም እንጂ። ከብዙ ዓመት በፊት ታናሽ ወንድሜ ይሠራበት ከነበረ ድርጅት ዕቃ ጠፍቶ በጥቆማ ተያዘ። እናቴ በየማለዳው ምሳ ዕቃ ይዛ ትመላለስ ነበር። ሰፈሩ ፈርዶ ጨርሷል፤ ሰላምታ የነሱንም ነበሩ። በመጨረሻ መዝገቡ የደረሰው አንድ ወጣት ዐቃቤ ሕግ ዘንድ ነው። ከዳር እስከ ዳር አንብቦ «ይህ ማስረጃ ለክስ አይበቃም» ብሎ ዘጋው። ሕጉም የሚለው ይህንኑ ነው፤ ስንዳኝበት የኖርነው የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 42 ጥፋተኛ ለማሰኘት የሚበቃ ማስረጃ የለም ብሎ ያመነ ዐቃቤ ሕግ ክስ እንዳያቀርብ ያዛል። ወንድሜ ዛሬ የሦስት ልጆች አባት ነው።

«ያንን ልጅ ስሙን እንኳ አላውቅም» አለች እናቴ። «ቀራንዮ መድኃኔዓለም በሳምኩ ቁጥር ግን ‹ያን ልጅ ጠብቅልኝ› እላለሁ። ባንክ ገብቶ ቢሆን ኖሮ የእኔን ልጅ ማን ያወጣልኝ ነበር?»

ባለቤቴ ሲኒውን አስቀምጣ ዝም አለች። እኔም አፈርኩ። ለሌላው ቤት ልጅ የተመኘሁትን ድፍረት ለራሴ ልጅ ነፍጌያት ነበር።

ውድ ወላጆች፣ ልጆቻችን ሥራ ሲመርጡ የምንጠይቀው አንድ ዓይነት ነው፦ ደሞዙ ስንት ነው? እድገት አለው? ይህ ስህተት አይደለም፤ የቤት ኪራይ የሚከፈለው በምርቃት አይደለም። ነገር ግን ሰው ላይ ሥልጣን የሚሰጥ ሥራ ከሆነ አንድ ጥያቄ እንጨምር፦ ሁሉም «ክሰሺ» ሲልሽ፣ መዝገቡ ግን «አይበቃም» ሲል፣ ዘግተሽ ቤትሽ መግባት ትችያለሽ?

ይህን ልጄን ጠየቅኋት። ቶሎ ብትመልስልኝ አላምናትም ነበር። ሦስተኛው ቡና እስኪፈላ አሰበችና «እሞክራለሁ፤ ካቃተኝ ግን እናንተ ቤት እመለሳለሁ» አለች። እናቷ «በርሽ ክፍት ነው» አለቻት።

ሐሙስ ዕለት ለባንኩ ስልክ ደውላ አመሰገነቻቸው። የመጀመሪያ የሥራ ቀኗ ሰኞ ነው። እናቴም ከጠዋት ቅዳሴ ስትመለስ በጸሎቷ ሁለተኛ ሰው መጨመሯን ነግራኛለች፤ የዚህኛዋን ስም ታውቀዋለች።