ሒሳብ የቀለለው ልጅ ዕዳው የማን ነው?

ስለ ደካማ ተማሪ ብዙ ተጽፏል፤ ብዙም ተነግሯል። መጻፉም መነገሩም ተገቢ ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽ ነጥብና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 በመቶ፥ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ ብቻ መሆናቸው በተገለጠበት አገር፥ የደካማውን ነገር ቸል በሉ የሚል ሰው ቢገኝ ከእኛ ወገን አይደለም። ነገር ግን ከዚህ ኀዘን የተነሣ አንድ ክፉ አስተሳሰብ በአስተማሪውም በሹሙም ልቡና ሥር ሰድዶ እናያለን። ይኸውም «የሚያውቅ ልጅ መንገዱን አያጣም፤ እርሱን ተወው» የሚለው ነው። ይህን ጽሑፍ ያቀረብነው ይህን አስተሳሰብ ለመቃወም ነው።

በአሶሳ ከተማ፥ ወይም ወጣ ብሎ በባምባሲ ወይም በኩርሙክ ያለ አንድ የአራተኛ ክፍል ልጅ እናስብ። በቤቱ የሚናገረው የበርታን ቋንቋ ነው። አስተማሪው ክፍልፋዩን በሰሌዳ ላይ ጽፎ ሳይጨርስ ልጁ መልሱን አግኝቶታል። የቀረውን ሠላሳ ደቂቃ ምን ያድርግበት? ጎረቤቱን ያናግራል፤ በመስኮት ይመለከታል፤ ስለዚህም «ረባሽ» ይባላል። አስተማሪው ደግ ሰው የሆነ እንደ ሆነ ሰሌዳ ያስጠርገዋል፥ ወይም የክፍል አለቃ አድርጎ የረባሾችን ስም ያስመዘግበዋል፤ ይህ ግን ሹመት እንጂ ትምህርት አይደለም።

ከዚህም የባሰ አለ። ልጁ መንገዱን ሳይጽፍ መልሱን ብቻ ባስቀመጠ ጊዜ «ከማን ቀዳህ?» ተብሎ ይጠየቃል። ያገኘበትን መንገድ በእናቱ ቋንቋ እንጂ በአማርኛ ሊያስረዳ ስለማይችል ዝም ይላል፤ ዝምታውም እንደ ጥፋት ማስረጃ ይቆጠርበታል። በክልሉ በበርታ፥ በጉሙዝና በሽናሻ ቋንቋዎች ለታናናሾቹ ክፍሎች ማስተማር መጀመሩ ለዚህ ዐይነቱ ልጅ ታላቅ እፎይታ ነው። ይሁን እንጂ ሁለተኛ ደረጃ ሲደርስ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሆናል፤ እንዲህ እያለ የሒሳብ ተሰጥዎው ደጋግሞ በቋንቋ ወንፊት ይነፋል። በወንፊቱ ላይ የቀረውን ግን ማንም ዞር ብሎ አይቆጥረውም።

ልጆችን በዕድሜ መድቦ ሁሉንም በአንድ እርምጃ መንዳት ከአባቶቻችን የወረስነው ልማድ አይደለም። በየኔታ ጉባኤ ፊደል የለየው ልጅ ጓደኞቹ እስኪደርሱበት አይጠብቅም፤ ወደ ንባብ፥ ከንባብም ወደ ዳዊት ያልፋል፤ እግረ መንገዱንም ታናሹን ያስቆጥራል። በአሶሳ አካባቢ ባሉት የቁርኣን ትምህርት ቤቶችም ሥርዓቱ ይኸው ነው፤ እያንዳንዱ ልጅ የራሱን የእንጨት ሰሌዳ ይዞ፥ የጻፈውን ሲያጠና አጥቦ ሌላ ይጽፍበታል እንጂ የመላው ጉባኤ ሰሌዳ በአንድ ቀን አይታጠብም። በዘመናዊው ትምህርት ቤትም ቢሆን ቀድሞ ጎበዝ ተማሪ «ደብል መታ» እየተባለ አንድ ክፍል ዘልሎ ያልፍ ነበር። በ1986 ዓ.ም. ከወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ በታችኞቹ ክፍሎች ደካማው ልጅ ሳይወድቅ እንዲያልፍ ተደረገ። መልካም! ለደካማው ደንቡን ያላላ እጅ ለብርቱው ለምን ይጠብቃል?

«አንድ አስተማሪ፥ ስድሳና ሰባ ተማሪ፤ ለአንዱ ልጅ ጊዜው ከየት ይምጣ?» የሚሉን አሉ። ይህ መልስ የሚገባው ጥያቄ ነው። በ1777 እ.ኤ.አ. በጀርመን አገር በብራውንሽቫይክ ከድኻ ቤተሰብ የተወለደው ጋውስ የተማረው እጅግ በተጨናነቀ ክፍል ውስጥ ነበር። አስተማሪው ቢውትነር የልጁን ችሎታ በተረዳ ጊዜ ያደረገው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ከፍ ያለ የሒሳብ መጽሐፍ ከሐምቡርግ አስመጣለት፤ በዕድሜ ስምንት ዓመት ከሚበልጠው ረዳቱ ከባርትልስ ጋርም አብሮ እንዲያጠና አደረገው። ከዚያ በኋላ የአገሩ መስፍን ለትምህርቱ ገንዘብ ቆረጠለት። እንግዲህ የጠየቅነው አንድ መጽሐፍና አንድ ታላቅ ተማሪ ነው።

ራሱን ያውቃል ተብሎ የተተወውንም እንመልከት። በ1887 እ.ኤ.አ. በደቡብ ሕንድ የተወለደው ራማኑጃን በ16 ዓመቱ የተዋሰውን አንድ መጽሐፍ ብቻውን እየመረመረ አደገ። በሌሎቹ ትምህርቶች ስለወደቀም ኮሌጁ የሰጠውን የገንዘብ ርዳታ ነጠቀው። በማድራስ ወደብ መሥሪያ ቤት ጸሓፊ ሆኖ ሲሠራ ሳለ በ1913 እ.ኤ.አ. ለእንግሊዛዊው ሊቅ ለሃርዲ ደብዳቤ ባይልክ ኖሮ፥ ዓለም የእርሱን ስም ባላወቀ ነበር። እኛ በጠረጴዛ ዙሪያ የምንውል ሰዎች ይህን ታሪክ ስናነብ ወደ ጎረቤታችን ጠረጴዛ ዐይናችንን መወርወራችን አይቀርም። ስንት ሰው ነው ደብዳቤውን ሳይልክ የቀረ?

በመስከረም ክፍል ሲከፈት ልጁ በዓመቱ መጨረሻ ሊሰጠው የታሰበውን ፈተና ይፈተን። አስተማሪውም መልሱን ብቻ ሳይሆን «ለምን?» ብሎ ይጠይቀው፤ በእናቱ ቋንቋ ቢመልስም ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ይስማለት። ፈጣን ሁሉ ጥልቅ አይደለምና፥ ማባዛቱን ሸምድዶ ምክንያቱን ያላወቀ ከሆነ በክፍሉ የሚሠራው ገና አለው። ምክንያቱን ያወቀ እንደ ሆነ ግን በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ብቻ ወደ ላይኛው ክፍል ሄዶ ይማር፤ ለሌላው ትምህርት ከእኩዮቹ ጋር ይቀመጥ። ያንኑ የማባዛት ልምምድ ከሃያ ወደ አርባ አሳድጎ መስጠት ቅጣት ነው።

የሚያስብበት ነገር የጠፋ እንደ ሆነ ባሕረ ሐሳብን እናቅርብለት። 5500 ላይ 2018 ቢደመር 7518 ነው፤ ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 12 ይሆናል። ወንበሩን በ11 አብዝተን በ30 ብንገድፈው አበቅቴው 12፥ በ19 አብዝተን በ30 ብንገድፈው መጥቅዑ 18 ይሆናል፤ ድምሩም 30 ነው። በሌላው ዓመትም ድምሩ ያው 30 ነው። ለምን? ልጁ 11ና 19 አብረው 30 መሆናቸውን ራሱ ሲደርስበት ደስታውን ማየት ነው! የሙስሊም ልጅ ደግሞ ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀድሞ እንደሚመጣ ያውቃልና፥ ያ 11 ከ365ና ከ354 ልዩነት የመጣ መሆኑን ከክርስቲያኑ ጓደኛው ቀድሞ ሊያገኘው ይችላል። ይህ ሁሉ ከጠመኔ በቀር ወጪ የለውም።

ጎበዙን ልጅ ለቅሞ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ አዲስ አበባ መላክን እንደ ብቸኛ መፍትሔ የሚያቀርቡትን አንደግፍም። የዐሥር ዓመት ሕፃን ከእናቱና ከቋንቋው ሊለይ አይገባውም፤ በዚያው በአሶሳ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ የሒሳብ ተማሪዎቹ ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ቢሰጡ ለእነርሱም ልምምድ ነው። ወላጆችም ልጃቸውን በእንግዳ ፊት አቁመው «እስቲ 37 ጊዜ 48 ስንት ነው?» ማለታቸውን ቢተዉት እንወዳለን።

ነገሩ የአንድ ቤተሰብ ጉዳይ ብቻ አይደለም። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. መሠረቱ የተጣለውና ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው፥ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ የሚይዘውና 5,150 ሜጋ ዋት ለማመንጨት የተሠራው ታላቁ ግድብ የቆመው በዚሁ ክልል በጉባ ነው። የጉባ ልጅ በግድቡ በር ዘበኛ ሆኖ እንዲቆም ነው ወይስ የውሃውን ልክ እንዲያሰላ የምንፈልገው? ዘበኝነት የተከበረ ሥራ ነው፤ ሆኖም አማራጭ በማጣት ሲሆን ቅር ያሰኛል።

ልጁን ለአንድ ክፍለ ጊዜ ወደ ላይኛው ክፍል ለማዛወር አዲስ ሕንጻም አዲስ በጀትም አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ማስታወሻ ከግማሽ ገጽ አይበልጥም፤ ፊርማውም የርእሰ መምህሩ ብቻ ነው።