የአብያታ ዳርቻ ለምን ሰፋ?

በአብያታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ የተካሄደው የትሬይል ሩጫ የስፖርት ቱሪዝም ተስፋ ተደርጎ ይወደሳል። ውዳሴው ይገባዋል። ነገር ግን በአብያታ ዳር ለእግር የተመቸው ሰፊ አሸዋማ ሜዳ በከፊል የሐይቁ ወለል እንደነበር መዘንጋት የለበትም።

አብያታ መውጫ የሌለው ሐይቅ ነው። ከዝዋይ በቡልቡላ ወንዝ የሚደርሰው ውኃ ለመስኖ ሲጠለፍ፣ የሶዳ አሽ ፋብሪካም ከራሱ ከሐይቁ ለዓመታት ሲቀዳ፣ ጉዳቱ የሚታየው በዳርቻው ላይ ነው። ተጠቃሚው ያለው በላይኛው ተፋሰስ ነው፤ ኪሳራው የሚደርሰው ግን በታች ነው።

እኛ የግሪን ቫሊ ራንች ነዋሪዎች የምንገኝባት ኮሎራዶ እ.ኤ.አ. በ1992 የሎተሪ ገቢ ለፓርኮችና ለዱር እንስሳት እንዲውል በሕገ መንግሥቷ ደንግጋለች። አርአያነቱ መልካም ቢሆንም በቂ አይደለም፤ እንዲህ ያለው ገንዘብ ጠባቂ ይቀጥራል፣ መንገድ ያበጃል እንጂ የተጠለፈ ውኃ አይመልስም።

ስለዚህ የዳያስፖራው ባለሙያ ግፊት በቡልቡላ ላይ ያተኩር። በቅድሚያ ለሐይቁ የግድ የሚለቀቅ የውኃ መጠን ይወሰን፤ ከዚያም ትላልቅ እርሻዎችና ፋብሪካዎች ለሚወስዱት ዋጋ ይተመን። የአነስተኛ ገበሬው ድርሻ ከክፍያ ነጻ ሆኖ ሊጠበቅ ይገባል፤ ያለዚያ የሐይቁን ዕዳ የሚከፍለው ከሁሉም ድኻ የሆነው ይሆናል።